በጎንደር ከእምነት የመነጨ የኪነ ጥበብና የትምህርት ድርጅት ለማቋቋም፦ ከምዝገባው በፊት ምን እንወስን?

የአዘዞ መምህርት፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮም በሰንበት ትምህርት ቤት በመዝሙር ክፍል አገልግያለሁ። ከአራት ጓደኞቼ ጋር ሆነን፣ ትምህርታቸውን ላቋረጡና ለማቋረጥ ለተቃረቡ የከተማችን ልጆች ዜማ፣ ሥዕል፣ በገናና ክራር፣ ከእነዚህም ጎን ለጎን የሒሳብና የንባብ ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ለማቋቋም ተነሥተናል። ለዚህ ሥራ ያነሣሣን እምነታችን ነው፤ ይህንንም ከማንም አንደብቅም።

ሐሳቡ የተጠነሰሰው በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ከክፍሌ ሁለት ወር የጠፋ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ፒያሳ ላይ ሊስትሮ ሆኖ አገኘሁት። ጫማዬን እየጠረገልኝ ሳለ ዐይኔ ሳጥኑ ላይ ዐረፈ። በሳጥኑ ጎን ላይ የከተማችንን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጣሪያ መላእክት በሰማያዊ እስክሪብቶ ሥሏቸዋል። ጎንበስ ብዬ ስመለከት ፊቶቹ አንዱ ከሌላው ይለያሉ፤ የአንዱ ቅንድብ ከፍ ብሏል፣ የሌላው ዐይን ወደ ጎን ያያል፣ ሦስተኛው ደግሞ ገና ያላለቀ ክንፍ ብቻ ነው። ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው፣ «እናቴ ቅዳሴ ስታስቀድስ እኔ ጣሪያውን አይ ነበር» አለኝ። ትምህርቱን ለምን እንደተወ ስጠይቀው ግን አንገቱን ደፍቶ ሁለተኛውን ጫማ መጥረግ ጀመረ።

ልጆቹ ተስፋ የሚቆርጡበት ምክንያት ከባዶ የመጣ አይደለም። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ተምሬ የት እደርሳለሁ?» የሚለኝ ተማሪ እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ያውቃቸዋል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በቆየው ግጭት የተነሣ ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸውና ከገጠር ወረዳዎች ወደ ከተማው የመጡ ልጆችም አሉ።

ያልወሰንናቸው ነገሮች ብዙ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥር ሆነን እንሥራ ወይስ ራሳችንን ችለን እንመዝገብ? የሌላ እምነት ልጅ ቢመጣ እንዴት እንቀበለው? ዜማና ሥዕል ይቅደም ወይስ ፈተና የሚያሳልፈው ትምህርት? ገንዘቡንስ ከወዴት እናገኛለን? አንድ ዘመድ ከውጭ አገር ሕንፃ ሊያሠራልን ቃል ገብቶልናል፤ ይህም ደስ ያሰኘኝን ያህል አስፈርቶኛል። ልምድ ያላችሁ ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

ጠበቃ ከማራኪ፦

እኅቴ፣ በሕጉ በኩል ያለውን ልንገርሽ። አሁን የሚሠራው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲሆን፣ እጅግ ጥብቅ የነበረውን አዋጅ ቁጥር 621/2001ን ሽሮ የተተካ ነው። ይህ አዋጅ የሃይማኖት ተቋማትን ራሳቸውን አይመለከትም። ይሁን እንጂ አንድ የሃይማኖት ተቋም ለልማት ወይም ለበጎ አድራጎት ብሎ ድርጅት ቢያቋቁም፣ ያ ድርጅት በአዋጁ ሥር ይወድቃል። ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያን ሥር ከሆንን ምዝገባ አያስፈልገንም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።

አምስት ሰዎች ከሆናችሁ ሁለት መንገድ ተከፍቶላችኋል። ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ 5 አባላት ያስፈልጋሉ፤ የበላይ አካሉም ጠቅላላ ጉባኤው ይሆናል። ቦርድ መር ድርጅትን ግን 2 መሥራቾችም ማቋቋም ይችላሉ፤ የበላይ ሥልጣኑ የቦርዱ ነው። የእናንተን ዓይነት ሥራ ሳስበው ቦርድ መር መሆኑ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ፤ ጠቅላላ ጉባኤ በየጊዜው መሰብሰብ ካልቻለ ማኅበሩ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራልና። በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ የምትመዘገቡት በክልሉ መዝጋቢ አካል ዘንድ ነው፤ አዲስ አበባ ወዳለው የፌዴራል ባለሥልጣን የሚኬደው ሥራው ከአንድ ክልል ሲያልፍ ነው።

ስለ እምነቱ ጉዳይ ሁለት የሕገ መንግሥት አንቀጾችን አስቀድማችሁ አንብቡ። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በመሆኑም የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ተውሳችሁ የማጠናከሪያ ትምህርት ስትሰጡ ከዚያው ጋር ጸሎትና ዜማ ብትቀላቅሉ ርእሰ መምህሩን ችግር ላይ ትጥሉታላችሁ። አንቀጽ 27 ደግሞ ልጆችን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግን መብት ለወላጆችና ለሕጋዊ ሞግዚቶች ሰጥቷል። ከዚህ የምንረዳው ማንኛውም ሃይማኖታዊ ይዘት ያለው ትምህርት ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰጠት እንደሌለበት ነው። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅም ምስክር ባለበት ተነብቦለት ይፈርም።

የበአታ ደቀ መዝሙር፦

የመምህርትን ጽሑፍ ሳነብ የሊስትሮው ልጅ ነገር ልቤን ነካው። እኔ በጎንደር በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚታጀበውን ዝማሬ፣ የምማር ደቀ መዝሙር ነኝ። ከተማው ለልጆች ኪነ ጥበብ የሚያስተምር ተቋም የለውም ሲባል እሰማለሁ፤ ይሁን እንጂ ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የዜማ፣ የቅኔ፣ የአቋቋምና የድርሳን ጽሕፈት ጉባኤ ዛሬም አለ። አቋቋምን ብቻ ብንወስድ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት የታወቁ ይትበሃሎች ያሉት በዚሁ በጎንደር ነው። ስለዚህ የምትጀምሩት ከባዶ እንዳልሆነ እወቁት።

ነገር ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ድርጅታችሁን «አብነት ትምህርት ቤት» ብላችሁ አትጥሩት። የአብነት ትምህርት ዓመታት ይፈልጋል። አንድ ልጅ ከንባብ ቤት ተነሥቶ ዜማ ቤት ይገባል፣ ከዚያም አቋቋም ቤት ገብቶ ቁሙን፣ ዝማሜውን፣ መረግዱንና ጽፋቱን ተራ በተራ ይይዛል። የኔታ አንዷን ዜማ ሃያ ጊዜ አስብለውን አንዲት እርክርክ ብትጎድል ከመጀመሪያው ይመልሱናል። በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ልጅ ይህን ተምሬያለሁ እንዲል ብታደርጉት፣ ልጁንም ትምህርቱንም ትጎዳላችሁ። መቋሚያና ጸናጽል አያያዝ፣ የከበሮ ምት፣ ጥቂት መዝሙራት፣ ይህ ለጀማሪ ይበቃል።

ሌላው ሊታሰብ የሚገባው ነገር፣ ችግረኛ ልጅ ሲባል የሚታያችሁ ማን እንደሆነ ነው። ከገጠር መጥተን በየጎጆው የምንኖር የቆሎ ተማሪዎች አለን። ዕድሜያቸው 10 እና 11 የሆኑ፣ አኮፋዳ ይዘው በየቤቱ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ለምነው የሚያድሩ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች ዜማ የሚያስተምራቸው አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ሳሙና፣ የሕክምና ክትትልና የሒሳብ ደብተር ነው። የከተማው ልጅ ደግሞ ሒሳቡን ጀምሮታል፤ ዜማውን አያውቀውም። ሁለቱን ብታገናኟቸው እርስ በርስ ይማማራሉ። አምና አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ ክፍልፋይ ሊያስረዳኝ ፈልጎ ዳቦ ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት ቆረሰልኝ፤ እኔም በምላሹ የጸናጽሉን አጣጣል አሳየሁት። ዳቦውን ተካፍለን በላነው።

የመምህሩም ነገር አይረሳ። የኔታዎች በክፍያ አይደራደሩም፤ ዝም ስለሚሉ ብቻ ያለ ክፍያ ማሠራት ግን ኃጢአት ነው። ወርኃዊ አበል ቁረጡላቸው፤ ቀኑንም አታሳልፉ።

ከአዲስ ዓለም፦

መምህርት፣ የሌላ እምነት ልጅ ቢመጣ እንዴት እንቀበለው ብለሽ በግልጽ መጠየቅሽን አከብራለሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ ዓለም ነው። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በተደረገ ጉባኤ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ከተወሰነ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬ እኔና የክርስቲያን ጎረቤቶቼ የምንኖረው ግድግዳ ተጋርተን ነው፤ ልጆቻችንም ኳስ የሚራገጡት በአንድ ሜዳ ላይ ነው።

ልጠይቅሽ የምወደው ይህን ነው። የእኅቴ ልጅ 12 ዓመቷ ነው፤ ሥዕል ትወዳለች፤ ለአስጠኚ የምንከፍለው የለንም። ወደ እናንተ ብትመጣ ምን ትሥላለች? ሌሎቹ መልአክ ሲሥሉ እርሷ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ ከሆነ ከመጀመሪያው አትጥሯት። ሐረግ፣ የጨርቅ ጥለት፣ ወፍና ዛፍ፣ የፋሲል ግንብ ግማሽ ክብ በሮች፣ ለሁሉም ልጅ የሚሆን ሥራ ሞልቷል። መንዙማ የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎችም በሠፈራችን አሉ፤ ለአንድ ቀን እንዲያሰሙ ብትጠሯቸው ክብር ይሰማቸዋል። እኔን የሚያስከፋኝ ክርስቲያን ድርጅት መሆናችሁ አይደለም። «ለሁሉም ክፍት ነው» ተብላ የሄደች ልጅ እዚያ ስትደርስ ማተብ እንድታስር ወይም መስቀል እንድትሳለም ብትጠየቅ ነው የሚያስከፋኝ። የምታደርጉትን በሩ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉት፤ እኛም አንብበን እንወስናለን።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፦

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም። ሃይማኖትን ወደ ጥግ ገፍቶ «እምነታችን አነሣሣን» ማለት ብቻ ይበቃል ብዬ አላምንም። እኔ በአገልግሎት ያየሁት ልጆች ከሱስና ከጎዳና የሚመለሱት የጸሎት ሰዓት፣ የንስሐ አባት፣ ጾም የሚጾም ባልንጀራ ሲያገኙ ነው። በገናን ከዳዊት መዝሙር ለይቶ እንደ ማንኛውም የሙዚቃ መሣሪያ ማስተማር ይቻል ይሆናል፤ ይሁንና ያ ልጅ አውታሩን እንጂ በገናን አልተማረም። ይህን ካስቀራችሁ ከማንኛውም የወጣት ማዕከል በምን ትለያላችሁ? አባቶችን ሳታማክሩ፣ የሀገረ ስብከቱን ቡራኬ ሳታገኙ እንዳትጀምሩ እለምናችኋለሁ።

ቀድሞ አስተባባሪ የነበርኩ፦

እኔ የምጽፈው ካጠፋሁት ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ከተማ ተመሳሳይ ዓላማ ያለው ድርጅት አስተባብር ነበር፤ ስሙን አልጠቅስም። ከውጭ በመጣ ገንዘብ መጀመሪያ ያደረግነው ሕንፃ መሥራት ነበር። ሕንፃው ሲመረቅ ልጆች ጎረፉ፤ ሻይና ዳቦ ስለምናቀርብ የመጡት ብዙ ናቸው፣ ይህም ነውር የለበትም፤ የራበው ልጅ አይማርምና። በሁለተኛው ዓመት ለጋሹ ሐሳቡን ለወጠ። ዳቦው ቀረ፣ ቀጥሎ የሥዕል መምህሩ ቀረ፣ በመጨረሻ ጥበቃውና ሕንፃው ብቻ ቀሩ። ልጆቹ ለሦስት ሳምንት ያህል በሩ ላይ እየመጡ ይመለሱ ነበር። ከዚያ በኋላ መጥተው አያውቁም።

ከዚህ ይበልጥ የሚቆጨኝ ሌላ ነገር አለ። ለለጋሽ በምንልከው ማስታወቂያ ላይ የአንዲት የ13 ዓመት ልጅን ፎቶ አትመን፣ ከሥሩ ስለ ቤተሰቧ ድህነት ጽፈን ነበር። ያንኑ ወረቀት ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፈነው አየችው። አንብባ ስትጨርስ፣ «እናቴ ልብስ አጣቢ መሆኗን ማን ንገሩ አላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱን ያን ዕለት አነሣሁት፤ ልጅቷ ግን በማግሥቱ አልመጣችም፤ ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ብጠይቅም አልተመለሰችም። ስለዚህ መምህርት ሆይ፣ ያ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ታሪኩ የእርሱ ነው። ሳጥኑን ፎቶ አንሥታችሁ ገንዘብ እንዳትለምኑበት።

ሕንፃውን ለሚያሠራው ዘመዳችሁ እንዲህ በሉት፦ «ለመምህራን አበልና ለልጆቹ ምሳ የሚሆን የሦስት ዓመት ወጪ በባንክ ይቀመጥልን፤ ቤቱን እንከራያለን ወይም እንዋሳለን።» ካልተስማማ ሕንፃውን እንጂ እናንተን እንዳልወደደ እወቁ።

ሠዓሊ፦

በዘመናት የተከማቸ ሥዕል ባለበት ከተማ ሥዕል ማስተማር ጥቅሙም ፈተናውም አንድ ነው፤ ልጆቹ ሊገለብጡት የሚችሉት ነገር በየቦታው ይታያቸዋል። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች የመጀመሪያውና የሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ብለው የሚለዩትን ልዩነት ልጆች በዐይናቸው እንዲያገኙት አድርጉ። በመጀመሪያው ቀለሙ ደማቅና ጠፍጣፋ ነው፤ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በዳበረው በሁለተኛው ደግሞ ፊቱ ላይ ጥላ ይገባል፣ የልብሱ ጥለት ይበዛል፣ ያሠራው ሰው ራሱ ከሥር ተደፍቶ ይሣላል። ጣና ላይ በናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ እንዲህ ተሥለው ይታያሉ። ይህንን ያየ ልጅ «ቀለም የከፈለው ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል፤ የታሪክ ትምህርት ከዚያ ይከተላል።

ወጪን በተመለከተ፣ በቅባት ቀለምና በሸራ አትጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እርሳስ፣ ከሰልና መናኛ ወረቀት ይበቃሉ። ቀጥሎ አቡጀዲ ወጥሩ፤ አባቶቻችንም የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚያስጌጡት በጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን በማጣበቅ ነበር። ከተቻለ አንድ ቀን ብራና ፋቂ ጋብዙ። የፍየል ቆዳው ውኃ ውስጥ ሰንብቶ በመወጠሪያው ላይ ሲወጠር፣ ጸጉሩና ሥጋው ሲፋቅ፣ ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሻሉ፤ ከዚያ ደርቆ ሲነጣ ተመልሰው ይዳስሱታል። ከመቃ የተቀረጸ ብርዕ ይዞ በዚያ ላይ የመጀመሪያዋን «ሀ» የጻፈ ልጅ ደብተሩን በሌላ ዐይን ያየዋል። ይህን በተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የልጆቹን ሥዕል ለመሸጥ ካሰባችሁ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የጎብኚው ቁጥር ከኮሮና በሽታና ከጦርነቱ ወዲህ ቀንሷል፤ በሽያጭ ላይ ተስፋ ጥላችሁ በጀት አትያዙ። የሚሸጥ ከተገኘ ግን የቀለሙ ወጪ ተነሥቶ ቀሪው ለልጁ መሆን አለበት።

የሴት ልጅ እናት፦

ሁላችሁም መልካም ጽፋችኋል፤ ስለ ሰዓት ያነሣ ሰው ግን አላየሁም። ሴት ልጆች እንዲመጡ ከፈለጋችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምራችሁ 11 ሰዓት ላይ ጨርሱ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናሽ ወንድሟን ትይዛለች፤ ከመሸ በኋላ የምትመለስበት ቦታ ከሆነ እኔም አባቷም አንልካትም። መጸዳጃ ቤቱ የሚቆለፍ ይሁን፤ ውኃም ይኑረው። ካልሆነ በየወሩ የተወሰነ ቀን ትቀራለች፣ ምክንያቱንም አትነግራችሁም።

ሌላው፣ የበገና ትምህርት አንድ ለአንድ ነው ይባላል። አንድ መምህር ከአንዲት ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል እንዳይቀመጥ ደንብ አውጡ። በር ይከፈት፤ ሁልጊዜም ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኑሩ። መምህሩ ካህን ቢሆንም፣ የመሥራቾቹ ዘመድ ቢሆንም፣ ደንቡ ለሁሉም እኩል ይሥራ። ልጅ ችግር ቢገጥማት ለማን እንደምትናገር ስሙን ታውቅ፤ ያ ሰው ደግሞ ሴት ትሁን።

ሒሳብ ሠራተኛ፦

አጭር ነገር ልጨምር። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ብዙ ጀማሪዎች የመምህራኑን አበል ከዚሁ ውስጥ እየቆጠሩ ይደነግጣሉ። የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘ፣ ነገር ግን ለድርጅቱ ህልውና የሚያስፈልግ ነው፤ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝና የመሳሰለው። ልጆቹን የሚያስተምረው ሰው አበል የዓላማው ወጪ ስለሆነ በፕሮጀክቱ ውስጥ ይገባል።

የባንክ ሒሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ሁለቱ ፈራሚዎች ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች አይሁኑ። ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት በአዋጁ ተፈቅዷል፤ ትርፉን ለመሥራቾችና ለአባላት መከፋፈል ግን ክልክል ነው። ከዕድር፣ ከጽዋ ማኅበርና ከሠፈር ሰው የምትሰበስቡትን 50 ብርም ብትሆን ደረሰኝ ቁረጡላት። የሠፈር ሰው ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ካየ ደግሞ ደጋግሞ ያዋጣል።

የአዘዞ መምህርት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት አምስታችን በየምሽቱ እየተገናኘን የጻፋችሁትን አንድ በአንድ ስንወያይበት ቆየን። በአንዳንዱ ተስማምተናል፤ በአንዳንዱ ገና ነን።

ቦርድ መር ሆነን እንመዘገባለን። ከእኛ ውጭ የሚሆኑ ሰዎችን ወደ ቦርዱ እየጋበዝን ነው፤ አንዷ የሴቶች ልጆች እናት፣ አንዱ ደግሞ የአዲስ ዓለም ነዋሪ እንዲሆኑ እንፈልጋለን። በምዝገባው ሂደት መካከል ግን ልጆቹ እንዳይጠብቁ በ12 ልጆች፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከ9 እስከ 11 ሰዓት በሚሆን ትምህርት እንጀምራለን። ቦታው የአንድ ዕድር አዳራሽ ነው፤ ሊቀ መንበሩ በኪራይ ፋንታ የዕድሩን መዝገብ በኮምፒዩተር እንድንጽፍላቸው ጠይቀውናል። ዘመዳችንንም ስለ ሕንፃው አነጋገርነው። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ ቀድሞ አስተባባሪ የነበርክ ወንድሜ የጻፍከውን ስለ ፎቶው አነበብኩለት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «የሦስቱን ዓመት አበል ልኬ ላስቀምጥ» አለ።

ለሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዩ ወንድሜ በተለይ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ጥያቄህ እንቅልፍ ነሥቶኛል። በገናን ከጸሎት መለየት እንደማይገባ እኔም አምናለሁ። ስለዚህ የበገናና የዜማ ትምህርት ለብቻው ቅዳሜ ጠዋት፣ በደብሩ ግቢ፣ በአባቶች ቡራኬና በወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ ይሰጣል። ማክሰኞና ሐሙስ በዕድሩ አዳራሽ የሚሰጠው ሥዕል፣ ክራር፣ ንባብና ሒሳብ ግን ለማንኛውም ልጅ ነው፤ እዚያ ማንም ልጅ ስለ እምነቱ አይጠየቅም። እምነታችን እዚያ የሚታየው በሰዓቱ በመገኘታችን፣ ቃል የገባነውን ምሳ ሳናጓድል በማቅረባችንና ልጅን ባለመስደባችን ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ይህ መልስ እንደማያረካህ አውቃለሁ። ከመሥራቾቹም አንዷ የአንተን ሐሳብ ትደግፋለች፤ ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ልንወያይበት ተስማምተናል።

የበአታው ደቀ መዝሙር ያቀረብከውን ሐሳብ ተቀብለናል። ከ12ቱ ልጆች 4ቱ የቆሎ ተማሪዎች ይሆናሉ፤ የኔታን ሄደን አስፈቅደናል። «ከምስባኩ እንዳታስቀሩብኝ እንጂ ሒሳቡስ ይልመዱ» ብለውናል።

የበአታ ደቀ መዝሙር፦

የኔታ ለእኛም ይህንኑ ነግረውናል። ከአራቱ አንዱ ማክሰኞ ምን ይዞ እንደሚመጣ ይጠይቃል። ደብተር የለውም።

የአዘዞ መምህርት፦

ደብተርና እርሳስ ከእኛ ነው፤ ባዶ እጁን ይምጣ።

ያን ልጅም ትናንት ፒያሳ አግኝቼ ነገርኩት። ስለ ሥዕሉ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን፣ «እስከ 9 ሰዓት ስሠራ እቆያለሁ፤ ሳጥኔን የት አስቀምጣለሁ?» አለኝ። ዛሬ ሊቀ መንበሩን አነጋግሬ ከአዳራሹ በር በስተግራ ያለችውን ጠባብ ዕቃ ቤት ፈቅደውልናል። አንዱ ቁልፍ እርሳቸው ዘንድ፣ ሌላው እኔ ዘንድ ይሆናል።